ለጊዜው የተኮላሸ ውሻ

ሰው በስደት አገር የሚሠራውን ሁሉ «ለጊዜው» ብሎ ነው የሚሠራው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አትሽሹኝ። እዚህ ሆላንድ የሚከራይ ቤት ሲሰጧችሁ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ የቀድሞው ተከራይ ንጣፉን ሳይቀር ነቅሎ ይሄዳል። ዴንሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ቤት ሲደርሰኝ፣ መቼም አገሬ ልሄድ ነው፣ ለማን ብዬ አነጥፈዋለሁ ብዬ አንድ ሰጋጃ ጣል አድርጌ ገባሁ። ሰጋጃው አልቆ ሌላ ተገዛ። እኔ አልሄድኩም።

ውሻዬን ቡቺን ያመጣሁት ግን ለመሄጃ ነው። ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ ሙሉ፣ ግቢው ሰፍቶ ሌባ አስቸገረኝ ስትለኝ፣ እንግዲያው ስመጣ የፈረንጅ ውሻ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ሰፈሩን በቡችላ ይሞላልሻል አልኳት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ከጤናዬ ቀጥላ የምትጠይቀኝ የቡችሎቹን ነገር ነው።

ቡቺ ጎረመሰ። ኧረ ጉርምስናስ! የቤቱ ጥግ ላይ ሁሉ ይሸናል፣ የእንግዳ እግር ያቅፋል፣ የሴት ውሻ ሽታ በነፋስ የመጣለት ቀን ደግሞ እህል አይቀምስም፤ በር ሥር ተኝቶ ያለቅሳል። አንድ ቀን ማሰሪያውን በጥሶ የትራም ሐዲድ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ፍሬን ባይዝለት ኖሮ ይህን ወግ አታነቡትም ነበር።

በማግሥቱ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ይኮላሽ አለች። ከምሽት ጀምሮ እህል አይቀምስም፣ ጠዋት ታመጣዋለህ፣ በማደንዘዣ ተኝቶ ፍሬዎቹ በትንሽ ቀዳዳ ይወጣሉ፣ ከሰዓት ትወስደዋለህ፤ ቁስሉን እንዳይልስ የባልዲ አፍ የመሰለ ላስቲክ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። መፈርጠጡ ይቀንሳል፣ የፍሬ ካንሰርም አያሰጋውም። ሮተርዳም ያለውን ጓደኛዬን ተፈራን ባማክረው፣ በእኛ አገር የሚኮላሽ ከብት ወይ ለእርሻ ወይ ለእርድ ነው፣ ለፋሲካ ልታደርሰው ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ለእኔ የታየኝ ግን ቡችላ የማይሮጥበት የሙሉ ግቢ ነው።

ሐኪሟ ፊቴን አይታ ሌላም መንገድ አለ አለችኝ። ከቆዳው ሥር የምትቀበር ሩዝ የምታክል መድኃኒት አለች፤ ዓመት ያህል ፍላጎቱን ታስተኛለች፣ ከዚያ ኃይሏ ሲያልቅ ውሻው እንደ ድሮው ይሆናል። ሰው የሚሞክራት ቆርጦ እስኪወስን ነው።

«ለጊዜው» አለችኝ። እጇን ልስም ምንም አልቀረኝ።

እንዲህ ሆኖ በየዓመቱ ተመላለስን። የመድኃኒቷ ኃይል ሲያልቅ ቡቺ በር ሥር ማልቀስ ይጀምራል፤ እኔም ዘንድሮ አይሆንም፣ ለከርሞ አብረን እንሄዳለን እለውና ሌላ አስቀብርለታለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሲያለቅስ እቀናበት ነበር። እኔ እንዲያ በር ሥር ወድቄ አልቅሼ አላውቅም። ደሴ ናፍቃኝ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ናፍቆኝ፣ ሙሉ ናፍቃኝ፣ አረጋውያን ወደማጥብበት ሥራዬ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ የመድኃኒቷ ጊዜ አልፎም ቡቺ አላለቀሰም። ቢሆንም እንደ ልማዳችን ወሰድኩት። ሐኪሟ ጥርሱን አየች፣ ልቡን አዳመጠች፣ መርፌዋን ግን አላነሣችም።

«ከእንግዲህ አያስፈልገውም» አለች። «አርጅቷል።»

ቤት ስንገባ ለሙሉ ደወልኩላት። ቡችላ የሚባል ነገር እንደማይኖር ስነግራት የምታዝን መስሎኝ ነበር።

«ቡችላው ይቅር» አለች። «አንተ ብቻ ና።»

«እንዴት አድርጌ፣ እታለም? ይሄን ሽማግሌ ለማን ጥዬ? አውሮፕላኑን እንደሁ አይችለውም።»

«ውሻ ስንት ዓመት ይኖራል?» አለችኝ።

ሐኪሟን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት።