ካሜራው ተኝቶም ይበላል ለካ

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልናገር። ዛሬ፣ በልጄ ክርስትና ቀን፣ ቆርቤ፣ አፌን በነጠላ ሸፍኜ፣ ሰው በሐሰት ከሰስኩ!

ያውም አንዲት ቃል ሳልናገር።

እናቴ ጎጃም ናት፤ እግሯ አላስመጣት አለ። "የልጅሽን ክርስትና በወረቀት ካላየሁ ዓይኔ አይጠግብም" ብላኛለች። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለእሷ ፎቶ አይደለም።

ስለዚህ አሮጌውን ዲጂታል ካሜራዬን አራስ ቤት ሳለሁ ቻርጅ አደረግሁት። ሲሞላ አጠፋሁት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ሃምሳ ቀን ማንም አልነካውም።

ለቤተሰቡም አዋጅ አወጣሁ፦ "ቤተ ክርስቲያን ስልክ ይዞ የሚመጣ እንዳይኖር። ካሜራ አለን።" ኩራቴን እሱ ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ በሰማንያ ቀኗ ልጄ ተጠመቀች። ወለተ ኪዳን ተባለች፤ ተመስገን። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው ቆሙልን። ባለቤቴ ካሜራውን ተጫነ።

ምንም።

ደግሞ ተጫነ። የባዶ ባትሪ ምልክት ብልጭ አለና ጭልም አለ።

የእናቴ ፎቶ!

ዓይኔ ቀጥታ ብርቱካን ላይ አረፈ። የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፤ አራስ ሳለሁ ገንፎዬን ስታገነፋ የከረመች። ግን ፎቶ ትወዳለች።

ቆርቤያለሁና አፌን አልከፍትም። ካሜራውን በእጄ አሳየሁ። እሷን ጠቆምኩ። ከዚያ አየር ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረግሁ። ያልገባው ሰው አልነበረም።

ብርቱካን ካሜራውንም እኔንም አየች። "እትዬ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?"

አንዱ እጄ ወደ አንገቴ ሄደ። የሌላው ጣት ግን መውረዱን ረስቶ እሷ ላይ እንደተቀሰረ ቀረ።

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። የሳሙት መስሎኝ ነበር። ለካ ሳቃቸውን እየደበቁ ነው።

ብርቱካን ከቦርሳዋ ስልክ አወጣች። "አዋጅሽን ጥሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አለችና አነሳችን። ይቅር በይኝ የምትለው እሷ!

ከሰዓት በኋላ መሳለሚያ ካሜራ የሚጠግኑት ጎረቤታችን ጋሽ ኑሩ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጡ። ጉዴን ነገርኳቸው።

"ጠፋ ማለት ተኛ ማለት ነው፣ ልጄ። ውስጡ ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ እንዲቆጥር ትንሽ ትንሽ ይበላል። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ዝም ቢሉትም ይደክማል። አውጥተሽ ማስቀመጥ፣ ዋዜማውን መሙላት ነበር።"

"ተኝቶም ይበላል?"

"ታዲያ ሃምሳ ቀን ሙሉ ይጹምልሽ?"

ብርቱካን እስክታነባ ሳቀች። ጉልበቷን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አንስታ ሳመችኝ። እንዲህ ያለች የባል እህት ለሰጠኝ አምላክ ምን እላለሁ?

ከዚያ ፎቶዎቹን አየን። በሁሉም ልጄ ወይ ተኝታለች ወይ ታለቅሳለች። በመጀመሪያው ብቻ ድዷ እስኪታይ ስቃለች። የሳቀችው ፎቶው ላይም ገና ሳይወርድ የተቀሰረውን ጣቴን አይታ ነው።

ነገ በወረቀት ታትሞ ጎጃም የሚሄደው እሱ ነው። ሌላ ምርጫ የለኝም።

እናቴ ግን አገላብጣ ካየችው በኋላ መደወሏ አይቀርም፦ "ቆርበሽ ደግሞ ማንን ነው የምትከሺው?"

ምን ብዬ ልመልስላት?