ኃላፊውን የምትከተለው መኪና

ሹመት ሰውን የሚይዘው ከእግሩ ጀምሮ መሆኑን ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን ጋምቤላ ከተማ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ሾፌር ነበርኩ። ቤታቸው ከቢሮው ቢጣሩ የሚሰማበት ርቀት ላይ ነው፤ ያም ሆኖ በላንድክሩዘር አደርሳቸዋለሁ። በዓመቱ የቢሮውን ሦስት ደረጃ መውጣት አቃታቸው።

አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ሲያቃስቱ፣ ሰባ ያለፋቸው እናታቸው ከባሮ ወንዝ ዓሣ ተሸክመው ሲያልፉ አዩዋቸውና «ና ልጄ፣ እኔን ተደገፍ» አሏቸው።

ሰውየው አፈሩ። ከማግስቱ ጀምሮ ከእናታቸው ጋር በእግር መሄድ ያዙ። ክብራቸው እንዳይጓደል ግን «አንተ ከኋላ ተከተለን» አሉኝ። ባዶ መኪና ይዤ እንደ ሠርግ አጃቢ ተከተልኩ። ይባስ ብለው በየቀኑ እየፈጠኑ ማርሽ አስቀየሩኝ!

አንድ ቀን እናትየው ዞር ብለው በመስኮት አዩኝና፣ «አንተስ ልጄ፣ እግር የለህም?» አሉኝ።

ሞተሩን አጠፋሁና ወረድኩ።