አርባ ሰከንድ የዘገየ ጎል

ጋሽ ረዲ ዲሻቸውን ከጣሪያ ያወረዱት ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ነው። ወይስ አሥራ አምስት? አሥራ ሁለትም ላይሆን ይችላል። ቅዳሜ እንደነበረ ግን እምላለሁ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ መሰላሉን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የቀን መቁጠሪያ አውጥቼ ባረጋግጥ ይሻል ነበር፤ ግን የቀን መቁጠሪያው ሰኞ ቢለኝ ማንን እንደማምን ስለማላውቅ ትቼዋለሁ።

በየሰፈሩ አንድ ቆጣቢ አለ። ስለሌለው የሚቆጥበውን ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ ከሆነማ ሁላችንም ነን። እኔ የምለው ቁጠባን እንደ ሃይማኖት የያዘውን፣ አንድ ብር ለማዳን ሦስት ብር የሚሠዋውን ነው። ሻማ እንዳያልቅበት ክብሪት ሲጭር የሚያመሸውን። ነቀምቴ እንዲህ ያለ ሰው አጥታ አታውቅም፤ ለሰፈራችን ለባኬ ጃማ የደረሱት ግን ጋሽ ረዲ ነበሩ። በሌሉበት «ክቡር የቁጠባ ሚኒስትር» እንላቸዋለን። ባሉበትም አንድ ሁለቴ አምልጦን፣ ሹመቱን ሳይቃወሙ ተቀብለውታል።

ክቡርነታቸው በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ሲሸጡ እዚሁ ሸበቱ። ለሰው አዲስ ሚስማር በኪሎ እየመዘኑ፣ ለራሳቸው ቤት የተጣመመ እያቃኑ ይመታሉ። አንድ ጊዜ ሚስማር ሲያቃኑ አውራ ጣታቸውን ቀጥቅጠው ክሊኒክ ሄዱ። ባለቤታቸው እትዬ ፋይዛ የክሊኒኩ ሒሳብ ስንት ኪሎ ሚስማር እንደሚገዛ ሲነግሯቸው፣ የታሸገ ጣታቸውን ከፍ አድርገው «ጣቱ ይድናል፤ ሚስማሩ ግን ተረፈ» አሉ። ከዚያ የማትቀረዋ ቃላቸው ተከተለች፦ «ስሌቱ ግልጽ ነው!»

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። በግራ ጋሽ ረዲና እትዬ ፋይዛ፣ በቀኝ ጋሽ ቂርቆስና ባለቤታቸው አዴ ሊሊሴ፣ መሀል ላይ አንዲት ክፍል የተከራየሁ መምህር፣ እኔ። ጋሽ ቂርቆስ ቤተሰቦቻቸው ከጎጃም የመጡ፣ በአንገር ጉቲን መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከሞተር ጋር ሲከራከሩ ስለኖሩ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አይችሉበትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም የእንግሊዝን ኳስ ጋሽ ረዲ ቤት ሆነን እናያለን። ጋሽ ቂርቆስ ኳስ አያዩም፤ ይነዳሉ። «ግራህን ያዝ! ቀስ በል፣ ኩርባ ነው! ፍሬን! ፍሬን አልኩህ!» ይህ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያለ ዕረፍት ይቀጥላል።

የዲሹ የወር ክፍያ ሲጨምር ጋሽ ረዲ ከቤት አንድ ነገር ይቀንሱ ነበር። የሚቀነስ ሲጠፋ አንድ ደንበኛ፣ ያው ኳስ በኢንተርኔት፣ በአፕ፣ በሩብ ዋጋ እንደሚታይ ነገራቸው። በማግስቱ ዲሹንም ዲኮደሩንም ለጋሽ ቂርቆስ ሸጡላቸው። መሰላሉን ይዤ ከግራው ጣሪያ አወረድን፤ መሰላሉን ይዤ ከቀኙ ጣሪያ ሰቀልን። ርቀቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ተመልካቹም አሥራ አንድ እርምጃ ተራምዶ ዲሹን ተከተለ። ጋሽ ረዲ ብቻቸውን ቀሩ። አልከፋቸውም፤ እንዲያውም «ለእንግዳ የሚወጣው ሻይም ተቆጠበ» አሉ።

ከዚያ ቁጠባው ተጀመረ። የስልካቸው መስታወት ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ስማርት ቲቪ ተገዛ። ለቲቪው ዋይፋይ ገባ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ ስለሚጠፋ ኢንቨርተርና ባትሪ ተገዛ። ባትሪው እንዳይበላሽ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ በልኩ ተሠራ፣ በተቃና ሚስማር። ለእያንዳንዱ ስሌቱ ግልጽ ነበር።

«ቁጠባው ቤቱን ሞላው» አሉኝ እትዬ ፋይዛ አንድ ቀን፣ በር ላይ ቆመው። «ትንሽ ቢቆጥብ ኖሮ እኔም መቀመጫ አገኝ ነበር።»

ጨዋታ ሲደርስ በዚያ ቤት ማንም ስልክ አይነካም። «ዳታዬን ትበሉብኛላችሁ» ይላሉ ጋሽ ረዲ፣ ዳታ ከአንድ ማዕድ በእጅ የሚነሳ ይመስል። ከከተማው ይልቅ ኡኬ ላይ ኔትወርክ ይፈጥናል የሚል ወሬ የሰሙ ጊዜ፣ ሚኒባስ ተሳፍረው ኡኬ ሄዱ። አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው ግማሽ ጨዋታ በስልካቸው አይተው፣ መመለሻ መኪና አጥተው፣ እዚያው አድረው መጡ። የአልጋውን ስንጠይቃቸው «አልጋው የእረፍት ነው፤ ከኳሱ ጋር አይደመርም» አሉ።

ይህ ሁሉ ያስቃል እንጂ ማንንም አልጎዳም። የጎዳው ሌላ ነው። ዲሽ ጨዋታውን ከሳተላይት እንደመጣ ያሳያል። ኢንተርኔቱ ግን ያንኑ ጨዋታ የት የት እንደሚያዞረው እንጃ፣ አርባ ሰከንድ ያህል አዘግይቶ ያመጣዋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀኙ ቤት ጋሽ ቂርቆስ «ጎል!» ብለው ግቢውን አናወጡት። በግራው ቤት ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነበር። ጋሽ ረዲ የሚገባ ኳስ ቁጭ ብለው እስኪገባ ጠበቁት። ያን ቀን መሀል ክፍሌ ውስጥ የነበርኩት እኔ ያንኑ ጎል ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ አንዴ በጋሽ ቂርቆስ ጩኸት፣ አንዴ በጋሽ ረዲ ሳል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጋሽ ረዲ በነጠላ ጫማ ግቢውን አቋርጠው ሁላችንም ወዳለንበት ወደ ቀኙ ቤት መጡ።

«ቂርቆስ! ጎሌን ሰረቅኸኝ!»

«የኔ ጎል ነው» አሉ ጋሽ ቂርቆስ። «ካንተ በገዛሁት ዲሽ የገባ።»

«ቀስ ብለህ መደሰት አትችልም?»

«ረዲ ሙት፣ ያንተ ጨዋታ በአንገር ጉቲን ዞሮ ነው እንዴ የሚመጣ? መንገዱን ለምን አልጠየቅኸኝም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ጋሽ ረዲ በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩን፤ ሁላችንም ሻያቸውን የጠጣን ሰዎች ነን። ዞረውም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጋሽ ቂርቆስን ሰላም የሚሉት በራስ ንቅናቄ ብቻ ሆነ። ሠላሳ ዓመት የተጎራበቱ ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ መስኮት ዘግተው፣ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈው እንደሚያዩ ሰማን። ቀጥሎ ደግሞ ቲቪው ጨርቅ መልበሱን ሰማን።

እትዬ ፋይዛ አዴ ሊሊሴ ዘንድ መጥተው ተቀመጡ። «እሱ ተሳስቻለሁ አይልም። እናንተ ቤት መጥቶም አያይ። ኳሱን ሊተወው ነው፤ ኳሱን ከተወ ከእኔ ጋር ሲነታረክ ሊውል ነው። እኔስ ወዴት ልሂድ?» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዴ ሊሊሴ ከቲቪው ፊት ቆመው ሕግ አወጡ። ጎል ሲገባ ማንም ድምፅ አያሰማም፤ ጋሽ ረዲ ቤት እስኪደርስ ይጠበቃል፤ እሳቸው ሲጮኹ ሁሉም ይጮሃል። ጋሽ ቂርቆስ ይህ የሰው ተፈጥሮ አይደለም ብለው ተከራከሩ።

«ጨሊሲ!» አሉ አዴ ሊሊሴ። ዝም በል ማለት ነው፤ በኦሮምኛ ሲሆን ደግሞ ይግባኝ የለውም።

ያንን ዝምታ ያላየ አያምነኝም። ኳሱ መረብ ይነካል። «ጨሊሳ!» ይላሉ አዴ ሊሊሴ ለሁላችንም፣ በሹክሹክታ። ጋሽ ቂርቆስ የጋቢያቸውን ጫፍ ይነክሳሉ፤ ዓይናቸው ይፈጣል፤ የአንገታቸው ሥር ይገተራል። እኛ በጣት እንቆጥራለን። ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት... ከዚያ ከግራው ቤት «ጎ-ል!» ይመጣል፤ ያን ጊዜ የታመቀው ሁሉ ይፈነዳል፤ ጋሽ ቂርቆስ ጋቢውን ተፍተው ተነሥተው ይዘላሉ።

ጋሽ ረዲ ከጨዋታው በኋላ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ግቢው ወጡ።

«አያችሁ? አፑ ተሻሽሏል። ዛሬ እኩል ነን። እንዲያውም እኔ ሳልቀድም አልቀርም።»

«ቀድመሃል» አሉ ጋሽ ቂርቆስ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ስሌቱ ግልጽ ነው!» አሉ ክቡርነታቸው፣ የጋሽ ቂርቆስንም ትከሻ ቸብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ሰላምታው በቃል ሆነ። ጎልም በግቢያችን እንዲህ ለአርባ ሰከንድ ይቀመጥ ጀመር። ስንት ጎል እንደታመቀ አልቆጠርኩም፤ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ጎል ነው።

አሁን የማወራው ብቻዬን ያየሁትን ነው። ከተማው ሁሉ ከቀትር ጀምሮ ኢንተርኔት አጥቶ የዋለበት ቅዳሜ ነበር፤ ወሩን አልጠራም፣ አላስታውሰውም። ዲሹ ኢንተርኔት አይፈልግምና ጋሽ ቂርቆስ ቤት ጨዋታው ይታያል። እኔ መልእክት ልልክ ስልኬን ወደ ሰማይ አንሥቼ ግቢ ውስጥ ስዞር፣ ከጀርባዬ «ቀኝህን! ቀኝህን ያዝ!» የሚለው ድምፅ ድንገት ቆመ። ጋሽ ቂርቆስ ዘጠና ደቂቃ የማያርፉ ሰው፣ በመሀል ዝም አሉ።

የጋሽ ረዲ መስኮት ክፍት ነበር። ትልቁ ቲቪ ላይ ሜዳ የለም፤ ተጫዋች የለም፤ አንዲት ትንሽ ክብ ብቻ ትሽከረከራለች። ጋሽ ረዲ ፊቷ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ቀኙ ቤት አዘንብለዋል። ጥጥ የለባቸውም። የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲበቃቸው ሰዓቱን አወረዱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወንበራቸውን ይዘው ብድግ አሉና ጮኹ፦

«ጎ-ል!»

የቀኙ ቤት ፈነዳ። የጋሽ ቂርቆስ ዝላይ ቆርቆሮውን ሲያናጋው እሰማለሁ። ጋሽ ረዲ ያንን ጩኸት እስኪያበቃ አዳመጡት፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ለክቧ ፈገግ አሉላት።

ከጨዋታው በኋላ እንደ ልማዳቸው ወጡ።

«ረዲ፣ ኔትወርክ ዛሬ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ቂርቆስ።

«እንደ ጅረት! አንዴም አልተቆራረጠ።»

ሁለቱንም አየኋቸው። ጋሽ ቂርቆስ ኔትወርክ እንደሌለ ያውቁ እንደሆነ ፊታቸው አይናገርም። የእኔ ጥያቄ ግን ለጋሽ ረዲ ነበር። ዝምታችን ጎል እንደሆነ የገባቸው መቼ ነው? ያን ቅዳሜ ነው? ወይስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ እኛ ለእሳቸው ስናምቅ፣ እሳቸው ለእኛ ሲጮኹልን ነው የኖሩት? ጥያቄዋን ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። ለተሻለ ቀን ትሁን ብዬ፣ እንደ ተጣመመ ሚስማር እያቃናሁ አስቀመጥኳት። ቁጠባ ሳይጋባብኝ አልቀረም።

የተሻለው ቀን አልመጣም። ወልቂጤ የምትኖረው ልጃቸው ሶፊ ወለደች፤ ወደዚያው ሊሄዱ ሱቁ ተሸጠ፤ ጓዝ ተጠቀለለ። ማለዳ መናኸሪያ ልንሸኛቸው ሄድን። ጋሽ ረዲ ትልቁን ቲቪ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አቅፈውታል፤ ጣሪያ ላይ ለሚጫን ዕቃ ይከፈላላ።

«ረዲ፣ ዲሹን መልሼ ልሽጥልህ?» አሉ ጋሽ ቂርቆስ።

«ያገለገለ ዕቃ አልገዛም።»

ጋሽ ቂርቆስ ጠዋቱን ሙሉ ሾፌሩን መንገድ ሲያስጠኑት ነበር፤ የት ኩርባ እንዳለ፣ የት ፍሬን እንደሚያዝ። እትዬ ፋይዛና አዴ ሊሊሴ ተቃቅፈው ተለያዩ። ጋሽ ረዲ መስኮት ዳር ተቀመጡ፤ ቲቪውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። በዚያን ጊዜ ነው ጥያቄዬ ትዝ ያለችኝ። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

«ጋሽ ረዲ፣ አንድ ነገር...»

መስታወቱ ተዘግቷል። የተጠቀለለው ቲቪ ፊታቸውን ጋርዶታል፤ የሚታየኝ ሰዓት ያሰሩበት እጅ ብቻ ነው። ረዳቱ በሩን ዘጋና ጎኑን መታ፤ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። የመናኸሪያውን በር ወጥቶ ታጠፈ።

ከጎኔ ድምፅ ጠፋ። ዞር ብዬ ሳይ፣ ጋሽ ቂርቆስ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው ቆመዋል።