የመጀመሪያው እምቢታ

ሥራ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? በአገራችሁ አይደለም፤ በሰው አገር፣ በተኮላተፈ ቋንቋ። እኔ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሮተርዳም ከተማ ዙይድ የሚባል ሰፈር ሆኜ ስፈልግ፣ ከጉጉት የተነሳ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ሥራ ካገኘሁ ካርቱም የቀረችውን ባለቤቴን አልማዝን ማስመጣት እችላለሁ፤ ካላገኘሁ ከፎቶዋ ጋር መኖሬ ነው።

በመጨረሻ ዴልፍስሃቨን የሚባል ሰፈር ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ለወጥ ቤቱ ሰው ይፈልጋል ተባለና ኃላፊዋ ለቃለ መጠይቅ ጠራችኝ። ድሬዳዋ ሆቴል ውስጥ ሾርባ ሳማስል የኖርኩ ሰው፣ ሌላ ምን እሻለሁ! እየዘለልኩ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ ከሁላችንም ቀድመው የመጡ የቀድሞ ርዕሰ መምህር ናቸው። ሥራ ፈላጊ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይፈተናል።

«ምግብ መሥራት ትችላለህ?» አሉኝ።

«ኧረ ምን እችላለሁ፣ ትንሽ ትንሽ ነው» አልኳቸው።

«ወደቅክ! እዚህ አገር ትንሽ ካልክ ትንሽ ነው የሚሉህ። ዓይን ዓይኗን እያየህ ጎበዝ ነኝ በላት።»

በሉ እንግዲህ ፍረዱኝ። አቀርቅሮ መናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ የማያውቃት ሴት ላይ አፍጥጦ ራሱን ያወድስ? ሙያ በልብ ነው ይላሉ አባቶች። እነዚያው አባቶች ደግሞ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። የእኛ ተረት ለከሳሽም ለተከሳሽም ይመሰክራል፤ እኔም ወደሚጠቅመኝ አዘነበልኩ። ሳምንቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሜ ሳፈጥጥና ስኩራራ ሰነበትኩ።

ቀኑ ደረሰ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ረዥም፣ ቀልጣፋ፣ ሳቂታ ሴት ነች። አፈጠጥኩባት። ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር አልጨፈንኩም። ሾርባ? ጎበዝ ነኝ! ንጽሕና? ጎበዝ ነኝ! ከሰው መግባባት? ከእኔ በላይ ላሣር! ሴትዮዋ ደስ አላት፤ የእኔማ ልብ ካርቱም ደርሶ ተመለሰ። እንግዲያው ሰኞ መጀመር ትችላለህ፣ ሥራውን ትፈልጋለህ ወይ አለችኝ።

ይህችን ጋሽ ታደሰ አላስተማሩኝም። አፌ በገዛ ሥልጣኑ «ኧረ አይሆንም፣ አይቸገሩ» አለ። ምን ላድርግ? የቀረበለትን ሳይግደረደር የሚቀበል ስግብግብ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። እሷ ትለምነኛለች፣ እኔ እግደረደራለሁ፣ ከዚያ በግድ እሺ እላለሁ። ሥርዓቱ ይኸው አይደል? ሴትዮዋ «ያመር» አለች፤ ያሳዝናል ማለቷ ነው። ከዚያ ተነስታ እጄን ጨበጠችኝና በሩን ከፈተችልኝ።

አሁንም አልደነገጥኩም። ትከተለኛለች ብዬ ደረጃውን እንደ ታቦት ሸኚ በዝግታ ወረድኩ። ታች ደርሼ የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ማንም እጅጌዬን አልጎተተም። ያኔ አልማዝ ፊቴ ድቅን አለችብኝና ወደ ላይ በረርኩ። ሳላንኳኳ ገብቼ «እሺ! እሺ! እሺ!» አልኩ።

ምን ሆነሃል አለችኝ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ለጨዋነት ነው፣ ሁለተኛውም ያው ነው፣ የሰው ልብ የሚታወቀው ሦስተኛው ላይ ነው ብዬ አስረዳኋት። ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ።

እንዴት ያለ ደስታ መሰላችሁ! ሽማግሌዎቹ ሾርባ ይጨመር ሲባሉ አይ ካሉ አይ ነው፤ እኔም እሺ ብዬ ማለፍን ተማርኩ። ሰውን በመጀመሪያ ቃሉ ማመን እንዴት ያሳርፋል! ጎበዝ ሠራተኛ ተባልኩ፤ አልማዝም መጣች።

የመጣች ዕለት ዶሮ ሠርቼ ጠበቅኳት። ብዪ አልኳት። አይ፣ አውሮፕላን ላይ በልቻለሁ አለች። እሺ ብዬ ድስቱን ከደንኩት። ድስቱን አየት አደረገችና ደክሞኛል ብላ ተኛች። እኔ ምን ቸገረኝ፣ በደስታ እየዘፈንኩ ዕቃ አጠብኩ።

በማግስቱ ከአለቃዬ ጋር ላስተዋውቃት ወሰድኳት። ሴትዮዋ ኬክ አቀረበችላት። አልማዝ አይ፣ አመሰግናለሁ አለች። ሴትዮዋ ሳህኑን አላነሳችም፤ ደግማ ጋበዘቻት። አሁንም አይ። ሴትዮዋ ቆርሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። አልማዝ ጥርግ አድርጋ በላችና ወደ እኔ ዞረች።

«ማታ ፈረንጅ ቤት ጦሜን አደርኩ» አለችኝ። «ዛሬ ግን ተመስገን፣ ያገሬን ሰው አገኘሁ።»