የባጃጆቹ ጦርነትና የእኔ ፊሽካ

ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ሲያይ እጁ አያርፍለትም። እኔን ውሰዱ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ አንድ ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ሲጠመዘዝ ካየሁ ቀኝ እጄ ብድግ ይላል። ባለቤቴ እማዋይሽ፣ ሰዉ ሰላም ያልኸው እየመሰለው ነው፣ አውርደው ትለኛለች። እውነቷን ነው። እጄን እያዩ ሰላም ብለውኝ የሚያልፉ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ብዙ ወዳጆች አፍርቻለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ግቢ ውስጥ ምን ዓይነት ተከራይ ቢገባ ይሻላል? እኔ አንድ ዝምተኛ መምህር ነበር ያሰብሁት። የገባችው ግን ሐያት ናት።

ሐያት የወረታ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ሰዒድ እዚያ የታወቁ የሩዝ ነጋዴ ናቸው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ኮምፒውተር ተምራ ከተመረቀች በኋላ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ተከራየች። ሥራሽ ምንድን ነው ብለን ስንጠይቃት ኮምፒውተር ላይ ነው አለችን። ሰው እንዲህ ሲል ማን ይጠረጥራል? ባንክ ቤት የተቀመጠውም ኮምፒውተር ላይ ነው። ሆስፒታል ካርድ የምታወጣውም ኮምፒውተር ላይ ናት።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልሁ የፍሬን ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ግጭት። መስታወት ረገፈ። ከዚያ አንድ ነገር ፈነዳ። ይህ ጆሮ ስንት ግጭት የሰማ ጆሮ ነው፤ አይሳሳትም። ጫማ ሳላደርግ እስከ ውጭ በር ሮጥሁ። መንገዱ ላይ አንዲት ፍየል ብቻ ቆማለች፤ እሷም ደኅና ናት። ድምፁ እንደገና መጣ። ለካ ከጀርባ ነው፤ ከሰርቪሷ።

ሳንኳኳ ሐያት ሻሿን እያስተካከለች ከፈተችልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የራሳችን ባሕር ዳር ናት። ዘንባባዎቹ በሰልፍ ቆመዋል፣ አደባባዩ አለ፣ ጣና ከጀርባ ያበራል። መንገዱ ላይ ግን ባጃጆች ይዋጋሉ። አንዱ በሌላው ላይ የቆጋ መስኖ ድንች ይተኩሳል። ሌላው ከኋላው አምባዛ ይጥላል፤ ተከታዩ ዓሣው ላይ ይንሸራተትና ዘንባባ ላይ ይለጠፋል። አንዱ ሰማያዊ ባጃጅማ እየነደደ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

«ጌም ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «እኛው ነን የምንሠራው።»

እኛ ያለችው እሷንና አጠገቧ የተቀመጠውን ናትናኤልን ነው። ናትናኤል አብሯት የተማረ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከደቡብ መጥተው እዚሁ ፋብሪካ የተቀጠሩ ናቸው። እሷ ኮዱን ትጽፋለች፣ እሱ ይስላል። ዘንባባዎቹን የሳለው እሱ ነው። ቢዋጉም ባይዋጉም ቆንጆ ዘንባባዎች ናቸው።

እኔ ግን ተናደድሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆምሁት ይህ እንዳይሆን አልነበረም? አሁን በገዛ ግቢዬ ይጋጫሉ፣ ሲጋጩ ደግሞ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ነውር ነው አልሁ። ስለ መንገድ ደኅንነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። ሐያት ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና፣ ይቀመጡና አንዴ ይሞክሩት አለችኝ።

ተቀመጥሁ። ባጃጄን አስነሣሁ። ፍሬቻው የት ጋ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ፍሬቻ የለውም። አደባባዩ ጋ ስደርስ ቅድሚያ ለመስጠት ቆምሁ። ከኋላ መቱኝ። ከግራ መቱኝ። ድንች ወረደብኝ። ናትናኤል ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ጎራ ማለት ጀመርሁ። ለቁጥጥር ነው፤ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ቀስ በቀስ ችግራቸውን ነገሩኝ። ጌሙ ሕመም አለበት። ተማሪ ጓደኞቻቸው መጥተው ይሞክሩታል፣ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ይሄዳሉ። ሰው ጥሩ ነው ብሎ ስልኩን ካወጣ ምን ቀረ? ወጥ የቀመሰ እንግዳ ጥሩ ነው ብሎ ማንኪያውን ሲያስቀምጥ እማዋይሽ የምትሆነውን አውቃለሁ። አባቷ ደግሞ የሚታገሷት እስከ መስከረም ነው። እስከዚያ ካልሆነ ወረታ ተመልሳ ሱቁ ውስጥ ትገባለች።

«አባቴ ክፉ ሆኖ አይደለም» አለችኝ አንድ ቀን። «ምን እየሠራሁ እንደሆነ ላስረዳው አልቻልሁም። ለራሴም እየጠፋብኝ ነው።»

ምክር መስጠት አለብኝ አልሁ። መከርኋቸው። ይህ ጌም የጎደለው ሕግ ነው አልኋቸው። አደባባዩ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አቁሙ፤ ያጠፋን ሁሉ ነጥብ ይቀንስበት። ለአክብሮት ይሁን ጨንቋቸው እንጃ፣ እሺ አሉ። ናትናኤል ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ፎቶ አነሣኝ። ቦርጩን ቀንሰው አልሁት። እሺ አለ። አልቀነሰውም።

ፊሽካዬን ለመቅረጽ ጣና ዳር ወረድን፤ ሰፈራችን ውስጥ ወፍጮ ቤቱ አያስቀርጽም። ሐያት ስልኳን ደገነች። እኔ ነፋሁ። ወደ ሐይቁ ዞሬ ነው የነፋሁት፤ ከኋላችን በመንገዱ ያልፍ የነበረ ባጃጅ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ መንጃ ፈቃዱን ይዞ መጣ። ምን አጥፍቼ ነው አላለም። አንተን አይደለም ብለን እስክናስረዳው ብዙ ደከምን። ምን ይዋሻል፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታው ግን አልቆየም። ትራፊኩ ሲገባ ጌሙ ጭራሽ ሞተ። የመጡት ተማሪዎች ጥሩ ነው ማለቱንም ተዉት። አንዷ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ይመስላል አለች። ፊት ለፊቴ ነው ያለችው። እንደ ነውር ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

መስከረም ጠባ። ሐያት ዕቃዋን ማጣጠፍ ጀመረች። እማዋይሽ ይህን አይታ ምሳ አልበላም አለች፤ ልጅቱን ለምዳታለች። እኔም ለምጃታለሁ፤ የእኔን ግን ማን ይጠይቃል? ምክሬ እንደገደላቸው አውቃለሁና በሰርቪሷ በኩል ማለፍ ተውሁ።

ሐያት ከመሄዷ በፊት ትራፊኩን ከጌሙ አውጥታ፣ ሥራውን አስተካክላ ለናትናኤል ልትተውለት ፈለገች። ጥሩ ሐሳብ ነው። ስታወጣው ግን አንድ ቦታ ተሳሳተች። ሰውዬው አልወጣም። አደባባዩ ላይ ያሰረው ነገር ብቻ ተፈታ።

እኔ በረንዳ ላይ ነበርሁ። ከጀርባ ሳቅ ሰማሁ። ተራ ሳቅ አይደለም፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ዓይነት ነው። ሄድሁ። ናትናኤል ወለሉ ላይ ነው። ሐያት ዓይኗን በሻሿ ትጠርጋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ከነቦርጬ እሮጣለሁ። ፊሽካዬን እየነፋሁ አንድ ባጃጅ አባረርሁ፣ ደረስሁበት፣ ዘልዬ ጣሪያው ላይ ቁጭ አልሁ። ድንች ይመቱኛል፤ አልወድቅም። ባጃጁ ሊያራግፈኝ ዘንባባ ለዘንባባ ይጋጫል፤ አልወርድም። እንደዚያው ሆነን የዓባይን ድልድይ ተሻገርን።

ሐያት ስታየኝ ሳቋ ቆመ። ጋሼ፣ ካልወደዱት አሁን አጠፋዋለሁ አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ከፋኝ። አንድ ሰው ዩኒፎርሙን እየተኮሰ የኖረው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሊታይ ነው? ግን ልጅቱን አየኋት። ክረምቱን ሙሉ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ተይው፣ ይሩጥ» አልኋት።

ተማሪዎቹ ተመልሰው መጡ። በዚያን ቀን ጥሩ ነው ያለ የለም። ተራዬ ነው አይደለም ተባብለው ተጣሉ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ይመጣል ብለው በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። መንጃ ፈቃድ ይመስላል ያለችው ልጅ መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት።

ችግሩ፣ ሐጂ ሰዒድም ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። መኪናቸው፣ ግንባሯ ላይ ትዕግሥት ለማለት «ሰብር» ተብሎ የተጻፈባት አይሱዙ፣ በራችን ላይ ቆመች። ፍራሹና ሻንጣው ተጫነ። እማዋይሽ ሻይና ዳቦ አቀረበች። ሐጂ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ እንሂድ አሉ። ሐያት፣ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እይልኝ አለቻቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከኮምፒውተሩ ፊት ቆሙ።

ባጃጆቹ ተዋጉ። እኔ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሐጂ እኔንም ኮምፒውተሩንም አንድ አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ ከወረታ በኩል አንዲት አይሱዙ መጣች። ናትናኤል ነው የሳላት። ግንባሯ ላይ «ሰብር» ይላል። የቀኝ መስታወቷም እንደ እውነተኛዋ በገመድ ታስሯል። ሐጂ ጎንበስ አሉ።

መኪናዋ ከኋላዋ ጆንያ መልቀቅ ጀመረች። ሩዝ መንገዱን ሞላው፤ ባጃጆች ተንሸራተቱ። የሚበላ ነገር ነው እንዴ መሬት ላይ የሚደፋው ብለው ጠየቁ ሐጂ፣ ፊታቸው ተለውጦ። ሐያት ደነገጠች። በጣናው አረም፣ በእምቦጭ እንለውጠዋለን አለች። ሐጂ አሰብ አደረጉና፣ እምቦጭ ይሁን፣ እሱን የፈለግሽውን ያህል ድፊ አሉ።

እፎይ ሳንል አንድ ባጃጅ ከጎን መጥቶ ሰብርን ገጫት። ሰብር ተገለበጠች። አራት እግሯን ወደ ሰማይ።

በቃ አለቀ አልሁ በልቤ።

«ባጃጅ?» አሉ ሐጂ። «ሰብርን ባጃጅ ገለበጣት?»

ሐያት ጌም እኮ ነው ልትል ጀመረች፤ አላስጨረሷትም። ይህቺ መኪና በእኔ እጅ ተገልብጣ አታውቅም አሉ። ወረታ ይህን ቢያይ ምን ይለኛል አሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ልጃቸው ቀስረው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ይህን ሳታስተካክዪ የትም አትሄጂም።»

ሐያት አባቷን አየቻቸው። ናትናኤል እኔን አየኝ። እማዋይሽ ግን የማንንም ፊት አላየችም፤ ወጥታ ፍራሹን ከመኪናው ማውረድ ጀመረች።

በር ድረስ ስሸኛቸው ማታለል መስሎ ተሰማኝና እውነቱን ነገርኋቸው። ሐጂ፣ ይህ ሥራ የሚያልቅ ዓይነት አይደለም፤ አንዱን ሲያስተካክሉት ሌላው ይበላሻል አልኋቸው። መሪያቸውን እንደያዙ ፈገግ አሉ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ሱቅስ መቼ አልቆ ያውቃል?»

አሁን ጌሙ ስልክ ላይ ወጥቷል። ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት ሌላ ጌም አዟቸው ናትናኤልም ሐያትም ደመወዝተኛ ሆነዋል። ሐጂ ስልካቸው ላይ አስጭነውታል፤ ከሰብር ሌላ አይነዱም። እኔ ደግሞ ትራፊኩ ሕግ የሚያስተምር መስሎኝ ነበር። ለካ ተጫዋቹ ሁሉ ሆን ብሎ የሚያጠፋው እኔ እንዳባርረው ነው።

በቀደም አደባባዩን ስሻገር አንድ ባጃጅ አየኝና ፍሬን ያዘ። በዩኒፎርም ዘመኔ እንዲህ የቆመልኝ የለም። ሹፌሩ ወርዶ ስልኩን አወጣ። ጣሪያው ሸራ ነው፣ አይችልዎትም፣ ደፉ ላይ ቆመው ፊሽካ የሚነፉ ይምሰሉልኝ አለኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ወጣሁ። ሌሎችም ቆሙ። ጥሩንባ በዛ። አደባባዩ ዙሪያውን ተዘጋ።

አንዲት ወጣት ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካዋን እየነፋች መጣች። ሹፌሩ፣ እሳቸው እኮ ናቸው፣ የጌሙ ትራፊክ አላት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«የጌሙ ሰውዬ ይሮጣሉ» አለችኝ። «እርስዎም ፈጠን ይበሉና መንገዱን ይልቀቁልን።»

ሮጥሁ።