ሲሚንቶ እስኪረክስ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቤት የሚሠራና የሲሚንቶ ዋጋ እስኪወርድ የሚጠብቅ። ቤት የሚሠራው ብዙ አያወራም፤ አቧራውን አራግፎ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። የሚጠብቀው ግን እንቅልፍ የለውም። የትኛው የብረት ፋብሪካ ምድጃውን እንዳጠፋ፣ የትኛው መርከብ ወደብ ሳይደርስ እንደቆመ፣ በዓለም ዳርቻ ስንት ሕንፃ ተጀምሮ ስንቱ እንደቀረ ሁሉንም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰፈር አልሆነም ማለት ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ክቡር አቶ ይረክሳል ናቸው። ትክክለኛ ስማቸው ሌላ ነው፤ ይህን ያወጣላቸው ሰፈርተኛው ሲሆን እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ አልፈውታል። ዕድሜያቸውን በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ግዥ ክፍል ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለሌላው ሰው ፎቅ ሲሚንቶና ብረት፣ አሸዋና ጠጠር ሲገዙ ኖረው ለራሳቸው አንድ ከረጢት ሳይገዙ ቀሩ። "አሁን ጊዜው አይደለም" ይላሉ ሲጠየቁ። "በረጅም ጊዜ ሲታይ ይረክሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

ይህን ቃል ከማንም በላይ የሰማችው ሚስታቸው ናት። በሠርጋቸው ሰሞን ሰማችው፤ ጸጉሯ ሲሸብትም እየሰማችው ነው። ሰው "የአቶ ይረክሳል ባለቤት" ሲላት አንዳንዴ ልብስ እያሰጣች ለብቻዋ ትስቃለች። ባለቤትነቱስ አለ፣ የጎደለው ቤቱ ነው።

ቦታው እንኳ አላቸው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በማኅበር ካስመራው መሬት አንድ ቁራሽ ደርሷቸዋል። አብረዋቸው የተመሩት ሁሉ ሠርተው ገቡ፣ ልጆቻቸውን ዳሩ፣ አንዳንዶቹም ግድግዳቸውን ሁለተኛ ጊዜ ቀለም ቀቡ። የእነሱ ቦታ ብቻ እንደ ወለቀ ጥርስ በቤቶቹ መካከል ክፍት ሆኖ ቀረ።

ክቡርነታቸው ጸጉር ቤት ገብተው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወረፋ የያዘ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

"የዓለም ሕዝብ እየበዛ ነው አይደለም?" ይላሉ፣ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላቸው የተቀመጠውን እያዩ።

"ነው።"

"ሕዝብ ሲበዛ ከተማ ይሰፋል። ከተማ ሲሰፋ ፋብሪካ ይበዛል። ፋብሪካ ሲበዛስ?"

"ሲሚንቶ ይረክሳል" ይላል ጸጉር አስተካካዩ፣ መቀሱን ሳያቆም። ትምህርቱን በቃሉ ይዞታል።

"ተባረክ። አሁን ደግሞ ቤት የሚያትም ማሽን መጥቷል። ጭቃውን እንደ ጥርስ ሳሙና እየተፋ በአንድ ቀን ግድግዳ ያቆማል። ታዲያ ዛሬ ቁጭ ብሎ ብሎኬት የሚደረድር ሰው ምን ይባላል?"

"ቤት ያለው ሰው" አለ አንድ ቀን ወረፋ ጠባቂው። ጸጉር ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ ክቡርነታቸው ፊታቸውን እንኳ አላጠቆሩም። ለእንዲህ ዓይነቱ አስተያየት መልስ የሚሰጠው ታሪክ ነው ብለው ያምናሉ።

ለቅሶ ቤትም ከዚህ አይመለሱም። አባቱ የሞተበት ጎረቤት መቃብሩን በእብነ በረድ ላሠራ ብሎ ከዘመዶቹ ጋር ሲማከር፣ አጠገቡ ጎንበስ አሉና "ልጄ፣ አትቸኩል" አሉት። "እብነ በረድ በሚመጣው ዓመት ይወርዳል። አባትህ እንደሆኑ የትም አይሄዱም።" ሚስታቸው ሳቋንም እፍረቷንም በሻርፗ ጫፍ አፍና ነው ከዚያ ቤት የወጣችው። መንገድ ላይ ግን ሳቁ አለቀ። እሷም እንደዚያ መቃብር እየጠበቀች እንደሆነ ተሰማት።

እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ረክሷል። ከተማው ሁሉ ያወራበት ሰሞን ነበር፤ ሲሚንቶ ድንገት ወረደ፣ ነጋዴው ደጃፉ ላይ ቆሞ ገዢ መጣራት ጀመረ። እሷ ዜናውን ከገበያ ይዛ እየሮጠች ገባች።

"ተነስ፣ እንሂድ። ዘመንህ መጣ።"

"ተቀመጪ" አሏት፣ ጫማቸውን እንኳ ሳይፈልጉ። "መውረድ ጀመረ እኮ። የጀመረ ነገር መንገድ ላይ አይቆምም። አሁን የሚገዛ ሰው ደረጃ ሲወርድ መሃል ላይ አንጥፎ እንደሚተኛ ሰው ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ተመልሶ ወጣ፤ ከወጣም በኋላ ቁልቁል አላየም። እሳቸው ግን ደስታቸው ወር ሙሉ ቆየ። "አላልኩሽም? ይረክሳል አልኩ፣ ረከሰ።"

"ረከሰ፣ አዎ። ያን ጊዜ እኛ የት ነበርን?"

"እየተከታተልን ነበር" አሉ።

እሷን የሚከተላት የኪራይ ኑሮ ነው። አንዷ አከራይ ግድግዳዬ ይቆስላል ብላ ሚስማር ከለከለቻት። ሌላዋ ውሃ ስትቀዳ በመስኮት ትቆጣጠራታለች። ሦስተኛው ከበታቻቸው ባለው ቤት የሚተኛ ነጭናጫ ሽማግሌ ነበር፤ ወንበር በተሳበ ቁጥር ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታል። ስለዚህ በጣቶቿ እየተራመደች መኖርን ለመደች። ልጅ አልወለዱም፣ ንብረታቸውም ብዙ አይደለም፤ የምትመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም። ተረከዟን አሳርፋ የምትራመድበት አንድ ክፍል ነው የፈለገችው። ይህንኑ ስትነግራቸው ከልባቸው ያዝናሉ፣ ከዚያ ግን ዞረው ስለ ዓለም ይነግሯታል።

"ዘርፉ በረጅም ጊዜ ሲታይ ብሩህ ነው" ይሏታል።

"ዘርፉስ ይብራለት። የጨለመብኝ እኔ ነኝ" ትላለች።

እንግዲህ የሰፈሩ ሰው የማያውቀው አንድ ጉድ ነበራቸው። እሑድ እሑድ ማለዳ ወደ ቦታቸው ይሄዳሉ፤ እሳቸው ችካልና ሲባጎ፣ እሷ መዶሻ ይዛ። ችካሉን ይተክላሉ፣ ሲባጎውን ይወጥራሉ፤ ሳሎኑ ይህ፣ መኝታ ቤቱ ያ፣ ማድቤቱ ከወዲያ። ከዚያ ይገባሉ። ሲባጎውን ተራምደው አይደለም፣ በር ይሆናል ተብሎ ክፍት በተተወው በኩል ነው። "ግቢ፣ ግቢ" ይሏታል ጎን ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። አንድ ቀን ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ረስታ በግድግዳው በኩል ብትሻገር ተቆጥተው ተመልሳ በበሩ እንድትዞር አደረጓት። እሷም ተመልሳ ዞረች። ከሁሉ የሚገርመው አለመናደዷ ነው። በዚያ የሲባጎ ቤት ውስጥ ባሏ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ነጋዴም መርከብም አያነሱም፣ መስኮቱን በየት በኩል ልክፈትልሽ ብቻ ነው የሚሏት። ለዚህች አንዲት ጠዋት ስትል ነው የቀረውን ሳምንት የቻለችው።

ኋላ ታመመች። ሲጀምር ድካም ነበር፣ ከዚያ ምግብ አስጠላት፣ ከዚያ ከወገቧ ጀምሮ የሚይዛት ሕመም ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳት ጀመር። ሆስፒታል ተመላለሱ፤ ደም ሰጠች፣ ፎቶ ተነሳች። ውጤቱ በደረሰ ቀን ሐኪሙ ባሏን ለብቻቸው አስገባቸው። እሷ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቆየች።

ሲወጡ ባርኔጣቸውን ገልብጠው አድርገውት ነበር።

"ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ምንም። የደም ማነስ ነው። ክኒኑን በሰዓቱ ዋጪ፣ በረጅም ጊዜ ሲታይ ትድኛለሽ።"

አመነቻቸው። ለምን አታምን? እሳቸው ነገን በተመለከተ ክፉ ተናግረው አያውቁም። ቤቷ ገብታ ክኒኗን ዋጠች፣ እሳቸውም ኮታቸውን ሳያወልቁ ጥግ ላይ ተቀምጠው አመሹ።

በዚያ ሰሞን ሲሚንቶ ሰማይ ነክቶ ነበር። ፋብሪካው ለጥገና ተዘግቷል፣ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፣ የያዘ ነጋዴ ደብቋል። ሀብታሞቹ እንኳ የጀመሩትን ፎቅ ሸራ አልብሰው ቆመዋል። ጸጉር ቤት ያለው ሰው ሁሉ የክቡር አቶ ይረክሳልን መግለጫ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ደብዛቸው ጠፋ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቦታቸው አጠገብ የሚኖረው ግንበኛ የኪራይ ቤታቸውን በር አንኳኳ።

"እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ። ልጠይቅዎትም ነው የመጣሁ፣ ጋሼ አሉ?"

"በጠዋት ነው የወጣው። ደስታው የምንድን ነው?"

"አልሰሙም እንዴ? ሲሚንቶው ገባ እኮ። ብሎኬቱም እየተራገፈ ነው። ዛሬውኑ መሠረት ቆፍርልኝ ብለውኛል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እሷ ግን ገና አልገባትም፤ ፈገግ አለች።

"ደግሞ ከማን አስቀንሶ ገዛ?"

"ምን ያስቀንሳሉ! ነጋዴው ዋጋውን ጠርቶ ሳይጨርስ ነው እጃቸውን ኪሳቸው የከተቱት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ኧረ ጋሼ ትንሽ ይታገሡ ብላቸው ተቆጡኝ። ሰው እንዲህ ይለወጣል?"

ግንበኛው ይህን የተናገረው እንደ ምሥራች ነው፣ እየሳቀ። እሷ የበሩን መቃን ያዘች። ሐኪሙ በዚያ ክፍል ውስጥ የተናገረውን አሁን ሰማችው። ባሏ ጊዜ ቢኖራቸው ኖሮ ይጠብቁ ነበር። ጠባቂነት ሙያቸው፣ እምነታቸው፣ ሃይማኖታቸው ነበር። ያን የጣሉት የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ ነው።

ግንበኛውን እንደምንም አሰናብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። ጤነኛ ሆኜ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስለምነው አይሆንም ያለኝ ሰው፣ ለመሞቴ ነው ቤት የሚሠራልኝ? ትራሷን ይዛ አለቀሰች፣ ለራሷም ለባከነውም ዕድሜ። እንባው ሲወጣላት ግን ባሏ ታዩዋት፤ ከሐኪሙ ክፍል ሲወጡ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ ሲቀመጡ፣ ጥግ ላይ በኮታቸው ሲያመሹ። ነገ ብዙ ነው ብለው የኖሩ ሰው፣ ነገ ማለቁን ብቻቸውን ተሸክመው፣ እሷ እንዳትሰማ በጣታቸው እየተራመዱ ነበር። አንጀቷን በሏት።

ማታ ሲገቡ ጫማቸው ግራጫ ሆኗል፣ ቅንድባቸውም እንዲሁ።

"ሲሚንቶ ገዛህ አሉ" አለቻቸው።

"ገዛሁ።"

"ረከሰ እንዴ?"

ውሃውን ከገንዳው እየዘገኑ ፊታቸውን ታጠቡ፤ መልሰውም ታጠቡ።

"ረከሰ" አሉ በመጨረሻ፣ ፎጣው ውስጥ ሆነው። "በጣም ረከሰ።"

"ጎበዝ" አለች። "መጠበቅህ ደግ ሆነ።" ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ በመካከላቸው ተነስቶ አያውቅም።

ሥራው በጥድፊያ ሆነ። ዝናብ ሲያቋርጥ ይገነባል፣ ሲዘንብ ሸራ ስር ይጠበቃል። ክቡርነታቸው ውሃ ያቀብላሉ፣ ብሎኬት ይሸከማሉ፣ አሸዋ ይነፋሉ፤ ማታ ክንዳቸውን ማንሳት ያቅታቸዋል። ሰፈርተኛው "ሽማግሌው አበዱ" አለ። የተረዳም ነበር፤ ጸጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ አንድ ቀን ሙሉ አሸዋ ሲያመላልስ ዋለ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ።

ግድግዳው ባለቀ ቀን በታክሲ አምጥተዋት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ከራሷ የሚተልቅ ጃንጥላ ተይዞላት። ክፍሉ አንድ ነው። ለሁለተኛ የሚሆን ጊዜ እንደሌለ እሷ የማታውቅ ይመስላቸዋል ባሏ፣ እሷም እንዲመስላቸው ትፈልጋለች። ግንበኛው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ በአራቱ ማዕዘን ከግድግዳው በላይ ተርፎ የቆመውን ብረት በእጁ መታ መታ አደረገው።

"ጋሼ፣ ቆርቆሮ ከመምታታችን በፊት ይህን ፌሮ ልቁረጠው?"

አቶ ይረክሳል ወደ እሷ አላዩም። "ቁረጠው" አሉ ዝግ ብለው። "አያስፈልግም።"

"አይቆረጥም" አለች።

ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም ሁሉም ሰማው። ግንበኛው መጋዙን እንደያዘ ቀረ።

"ቆርቆሮውን ቀዶ ያሳልፈው። ኋላ ፎቅ ስንጨምርበት በምን ሊይዝ ነው? አንተ ደግሞ ብረት ገዝተህ ኖረህ ይህን ትስታለህ።"

ባሏ ዞረው አዩዋት። ትኩር ብለው አዩዋት። እሷም ምንም እንደማታውቅ ሰው፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንደሞላላት ሰው ሆና መልሳ አየቻቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ የግዥ ክፍል ድምፃቸውን ከየትም ፈልገው አመጡት።

"ሰምተሃታል፣ አይቆረጥም" አሉ ለግንበኛው። ከዚያ እርጥብ አሸዋውን ተሻግረው ወንበሯ አጠገብ መጡና ቁጢጥ አሉ። "ፎቁን ከጨመርን እንግዲህ ደረጃ ያስፈልገናል። በየት በኩል ይሁንልሽ?"

"ፀሐይ በሚወጣበት በኩል" አለች፣ አቧራውን ከቅንድባቸው ላይ በአውራ ጣቷ እየጠረገች። "ደግሞ ዝቅ ዝቅ ያለ አድርገው፤ ሳረጅ መውጣቱ እንዳይከብደኝ።"