የሚጠብቅ ስም

ኮምፒውተር ከሚጠይቀን ጥያቄ ሁሉ እኔን እንደ «ምስጢራዊ ጥያቄ» የሚያስገርመኝ የለም። ታውቁታላችሁ፤ ኢሜይል ስትከፍቱ፣ የይለፍ ቃላችሁን አንድ ቀን ብትረሱት ማንነታችሁን እንድታስረዱበት ተብሎ የሚቀርበው ነው። የእናትህ አባት ስም ማን ነው? መጀመሪያ የተማርክበት ትምህርት ቤት ማን ይባላል? በልጅነትህ ቅጽል ስምህ ማን ነበር? ይህን ያወጣውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል። ልጣላው አይደለም፤ የት ሰፈር እንዳደገ ልጠይቀው ነው። የእናቱን አባት ስም ጎረቤት የማያውቅበት ሰፈር እንዴት ያለ ይሆን? ቅጽል ስምስ ቢሆን፣ ሌላ ሰው ካልጠራበት ምኑን ቅጽል ስም ሆነ?

እኛ ቡራዩዎች በዚህ በኩል አልታደልንም። አንድ እንግዳ ከታክሲ ወርዶ የእኔን ቤት ቢጠይቅ፣ ቤቱን ከማሳየታቸው በፊት ጣራዬን መቼ እንደቀየርኩ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፍኩና በምን እንደታረቅሁ ይነግሩታል። እኔም የእነሱን ለማንም እነግራለሁ። የሚገርመው ግን ይህን ሁሉ የምናወራው ግራ ቀኝ አይተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ቢሆንም ወጉ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ያልተዋጠለት አንድ ሰው ነበረን። ጉታ ይባላል፤ የእህቴ የአልማዝ ባል ነው። እኔ አማርኛ በማስተምርበት ትምህርት ቤት እሱ ሒሳብ ያስተምራል። ጉታ ምስጢር ይወዳል። የሚደብቀው ነገር ኖሮት አይደለም፤ መደበቁን ራሱን ነው የሚወደው። ሰው ሁሉ ስክሪኑን በጣቱ በሚያሻሽበት ዘመን እሱ ባለቁልፍ ስልክ ነበር የሚይዘው። ኢሜይሉን የሚከፍተው ዘይነባ ሱቅ ብቻ ነው። ዘይነባ ከዋናው አስፋልት ዳር ፎቶ ኮፒ ታነሳለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ አራት ኮምፒውተርም ታከራያለች። ጉታ የሚቀመጠው ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው። ሲጨርስ ማሽኑን አጥፍቶ ያበራና ከኪሱ መሀረብ አውጥቶ የኪቦርዱን ቁልፎች ይጠርጋል። ዘይነባ ንጹሕ ሰው ነው እያለች ታመሰግነው ነበር። እሱ ግን የጣቱን አሻራ ማጥፋቱ ነው።

አንድ ቀን በመምህራን ክፍል የእኔን የይለፍ ቃል በሁለተኛ ሙከራ ገመተው። የልጄ ስምና አንድ ሁለት ሦስት ነበር። በጣም አዘነብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠበቅ አድርገው እንጂ!» አለኝ። እኔም ጠበቅ አድርጌ አራትን ጨመርኩበት።

«ጠበቅ አድርገው» ስትሉት የአማርኛ አስተማሪ ሥራው ትዝ ይለዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ የሚለየው የአንባቢው አፍ ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ቢሮ ውስጥ። ተማሪዎቼን ይበልጥ የሚያስቃቸው ደግሞ ራሱ «ይጠብቃል» የሚለው ቃል ነው። «ብ»ው ሲላላ መጥበቅ ነው፤ «ብ»ው ሲጠብቅ ግን ዘብ መቆም፣ ወይም ደጅ ሆኖ ሰው መጠበቅ ነው። ይህን ለሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። አስተማርኩት እንጂ እንዳልተማርኩት ያወቅሁት በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ኬላ ላይ ሰው ከታክሲ ወርዶ ስልኩን እየከፈተ ያሳያል። ከእኛ ሰፈር ጀርባ ያለው የግጦሽ መሬት ላይ ሰዎች መጥተው ችካል ተክለው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «መሬታችን ለምን እንደተለካ ይነገረን» የሚል ማመልከቻ አዘጋጁ። ጉታ በቁቤ፣ ማለት በላቲኑ የኦሮምኛ ጽሕፈት፣ አሳምሮ ጻፈላቸው። ሠላሳ ስምንት ሰው ፈረመ፤ ግማሹ በአውራ ጣቱ። የመጀመሪያው ፊርማ የኦቦ ቶሎሳ ነበር፤ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ዘይነባ ወረቀቱን ስካን አደረገችው፤ ጉታም አዲስ አበባ ላለ ጠበቃ ሊልከው ኢሜይሉ ውስጥ አስቀመጠው። ከመላኩ በፊት ኢንተርኔቱ ጠፋ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ጉታ ከትምህርት ቤት በር ላይ ተወሰደ።

ኦቦ ቶሎሳ ዋናውን ወረቀት በዚያው ቀን አቃጠሉት። በዚያ ሰሞን የስም ዝርዝር የተገኘበት ወረቀት ሁሉ ሰው ያስለቅም ነበርና። ሱሉልታ ነው አሉን፣ ሄድን፤ የለም። ሰበታ ነው አሉን፤ እዚያ ምግቡን ተቀበሉን፣ እሱን ግን አላሳዩንም። ቀድመው የተፈቱት እንደነገሩን መጀመሪያ የሚጠየቀው የይለፍ ቃል ነው። ያ ዝርዝር ደግሞ አሁንም ኢሜይሉ ውስጥ አለ።

ሐሙስ ዕለት የዘይነባ የገመድ ኢንተርኔት ነፍስ ዘራ። አስጠራችን። እህቴና እኔ ገብተን በሩን ገርበብ አድርገን በጉታ ቦታ ተቀመጥን። የይለፍ ቃሉን ማን ይወቀው? አሥራ ሁለት ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱም አታውቀው። «ረስቼዋለሁ» የሚለውን ተጫንን። ኮምፒውተሩ ሁለት መንገድ ሰጠን፤ ወይ ቁጥር ወደ ስልክህ ይላክልህ፣ ወይ ምስጢራዊውን ጥያቄ መልስ። እኔ ቀለል ያለውን ልጫን ስል ዘይነባ እጄን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ስልኩ ያለው ማን ጋ ነው?»

ስልኩ ያለው የያዙት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያን ቁልፍ ብጫነው ኖሮ መግቢያው እነሱ ፊት ጢጥ ብሎ ይደርስላቸው ነበር። ጥያቄውን መረጥን።

«የመጀመሪያ የቤት እንስሳህ ስም ማን ነበር?» ይላል። ሙከራው ሦስት ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቆለፋል።

ፈረንጅ የቤት እንስሳ ሲል አልጋ ላይ የሚተኛውን ማለቱ ነው ብዬ፣ አዋቂ ሆኜ፣ የውሻቸውን ስም ሰጠሁ፤ ቦቢ። ጉታ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ቦቢን ሲያነሣ ሰምቻለሁ። ኮምፒውተሩ አልተቀበለኝም። እህቴ ሱሉልታ ገጠር ላሉት ለጉታ እናት ለአዴ ብርቄ ደወለች። ስልክ ይሠራ ነበር፤ የጠፋው ኢንተርኔቱ ነው።

«ልጄን አስራችሁብኝ ስለ ውሻ ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ አዴ ብርቄ። ያሰርነው እኛ የሆንን ያህል ተሰማኝ። እህቴ እያባበለች አስረዳቻቸው። በመጨረሻ እንዲህ አሉ።

«ውሻው የአባትየው ነው። የጉታ ጉራቲ ናት። እትብቱ የተቀበረ ቀን አባቱ ሀንዱራ ብሎ የሰጠው ጊደር። ጥቁር ናት፣ ግንባሯ ላይ እንኳ ነጭ የላትም። በሷ ዘር ነው ተምሮ እዚህ የደረሰው።»

ሀንዱራ ማለት እትብት ነው፤ ለተወለደ ልጅ የሚሰጥ የራሱ ከብትም በዚሁ ይጠራል። ሰው ገና ስሙን ሳይለይ የራሱ የሚባል ነገር አለው ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ አስብበት ነበር። ጉራቲን በላቲን ፊደል እንደሚመስለኝ ጻፍኩና ተጫንኩ።

አልተቀበለም። አንድ ሙከራ ቀረን። እህቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሠላሳ ስምንት ቤት በአንዲት ጊደር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተነሥቼ ልሄድ ፈለግሁ።

ዘይነባ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «ጋሼ፣ እስቲ በአፍዎ ይበሏት» አለችኝ።

«ጉራቲ።»

«ረው ይጠብቃል አይደል?»

ይጠብቃል። ቲውም ይጠብቃል። ራውም ይረዝማል፣ የመጨረሻዋም ትረዝማለች። በቁቤ የሚጠብቀው ሁለቴ ይጻፋል፣ የሚረዝመውም ሁለቴ ይጻፋል። ዘይነባ በቁቤ የተማረች ናት፤ እኔ ደግሞ ከተማሪዎቼ ጋር ማጥበቅና ማላላት እያልኩ የምውል ሰው። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ ራሷ ጻፈችው፤ ሁለት አር፣ ሁለት ኤ፣ ሁለት ቲ፣ ሁለት አይ። ጉታ እንኳን የይለፍ ቃሉን ጊደሩንም አጥብቆ ነበር የጻፋት። ተከፈተ።

ዝርዝሩን አጠፋነው። ዘይነባ አስታውሳን ቅርጫቱንም ባዶ አደረግን። ኮምፒውተሩ አዲስ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ እህቴ ጀርባዋን ሰጥታን ጻፈችው። ምን እንደጻፈች እኔ ወንድሟን አልነገረችኝም፤ ባሏን ሆና ነበር።

ከሠላሳ ስምንቱ አንድም ሰው አልተነካም። ጉታ የተፈታው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። ከስቶ፣ ጫማው ያለ ማሰሪያ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ተቀበለው፤ «አልተናገረም» ይባባላል። ያገኘው ሁሉ ግንባሩን ይስመዋል። እኔ ደግሞ የማውቀውን ስለማውቅ ለብቻው እስካገኘው ቸኮልኩ። ምስጋና ፈልጌ ነው፤ ምን ልዋሻችሁ። ዘይነባን፣ ጊደሯን፣ ሁሉንም ተረኩለት። እሱ አልሳቀም።

«በየትኛው ቀን ነው የቀየራችሁት?» አለኝ።

«ሐሙስ።»

ተቀመጠ። «እኔ ቅዳሜ ሰጠኋቸው» አለ።

ቅዳሜ አልቻለም። ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል ነገራቸው። ሞከሩት፤ እንቢ አለ። ደግመው ሞከሩት። እውነቱ ይኸው ነው ብሎ በእናቱ ማለላቸው። ሲያሾፍባቸው መሰላቸው። ከቅዳሜ በኋላ ያሉት ቀናት፣ ሊነግረኝ ጀምሮ ተወው። ያዳነው መስሎን ያስደበደብነው እኛ ነን። እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ ይነሣኛል። እሱን ያቃጠለው ግን ይህ አልነበረም።

«የሠላሳ ስምንቱ ስም ኢሜይሉ ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ ነው የሰጠሁት» አለኝ። «እነሱ ግን ግንባሬን ይስማሉ።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁት ግቢው ተሰበሰቡ። እህቴ ዝም እንዲል በዓይኗ ለመነችው፣ እኔ ኮቱን ጎተትኩት። ጉታ ግን ምርቃቱ ሳይጀመር ተነሣ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ አንቱም ሌሎቻችሁም ሳትመርቁኝ በፊት ስሙኝ። ሰጥቻቸዋለሁ። እኔ አልጠበቅኋችሁም።»

ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ቅዳሜ ዕለት» አሉ።

ጉታ ወደ እሳቸው ዞረ።

«አብሮህ የታሰረው ሾፌር ከአንተ ቀድሞ ተፈታ። እኔ ቤት መጥቶ ምሳ በላ፤ ያየውንም ነገረን።»

«ለማን? ሁሉም ያውቃል?»

«ቡራዩ እኮ ነው፣ ልጄ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

ዘወር ብዬ ሰዉን አየሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። በሰፈሬ ወሬ ሳይወራ ሲቀር ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ያ ሁሉ «አልተናገረም» እያለ ግንባሩን የሳመ ሰው እያወቀ ነው የሳመው።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አለ ጉታ።

«እስኪቀልህ ነው የጠበቅነው» አሉት። ከዚያ ተነሥተው መረቁት።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ጉታ ዘይነባ ሱቅ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። እህቴ የይለፍ ቃሉን በጆሮው ነግራዋለች። መጨረሻው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጠ፣ እኔንም ዘወር በል አለኝ፤ ቃሉን ቀየረ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ምስጢራዊ ጥያቄውንም መቀየር ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። ጉታ እጁን አንሥቶ ቆየ።

«ቀይረው እንጂ» አልኩት። «የጊደሯን ስም ቡራዩ በሙሉ ያውቀዋል። አጻጻፉን እንኳ ዘይነባ ለደንበኛ ሁሉ እየነገረች ነው።»

ባለበት እንዲቆይ የሚለውን ተጫነ።

«እኔ ስጠፋ በምን ልትከፍቱ ነው?» አለኝ። ከዚያ መሀረቡን አውጥቶ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጠረገ።